ሁለታችንም ጥሩ ደመወዝ አለን፤ ቤቱ ግን በየዓመቱ ይርቀናል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት ለእናቴ እንኳን ደፍሬ ያልነገርኋትን ጭንቀት ይዤ ነው። እኔ በሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ በአንድ ድርጅት የኮምፒውተር ኔትወርክ ክፍል ኃላፊ ነው። አብረውን ከተማሩት ከብዙዎቹ የተሻለ እንከፈላለን። ገንዘብ አናባክንም። ከገቢያችን ሩቡ ለቤት ኪራይ ይሄዳል፣ ከአምስት አንዱን እንቆጥባለን፣ በቀረው እንኖራለን። እንዲህ አድርገን ያጠራቀምነው ዛሬ የአንድ ዓመት ሙሉ ገቢያችንን ያህላል።

የምንኖረው ባለ ሁለት መኝታ የኪራይ አፓርታማ ውስጥ ነው። የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄና የአራት ዓመት ወንድሟ አንድ ክፍል ይጋራሉ። እሱ በጊዜ ስለሚተኛ እሷ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እኛ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ደብተሯን ትሪ ላይ አድርጋ ነው። አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ውሉ የሚታደሰው በየዓመቱ ነው። ባለፈው ዓመት ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን ልትለቁ ትችላላችሁ ብለውን ነበር፤ በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ልጄ ግን ወሬውን ሰምታ ኖሮ እስከ ዛሬ ድረስ «ትምህርት ቤት እቀይራለሁ?» እያለች ትጠይቀኛለች።

አሁን ባለ ሦስት መኝታ ቤት አግኝተናል። ዋጋው የሁለታችን የአምስት ዓመት ተኩል ገቢ ነው። ባንኩ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል፤ የቀረውን በ12 በመቶ ወለድ ያበድራል። ያጠራቀምነው ለቅድሚያ ክፍያው አይበቃም። ባለቤቴ የጎደለውን ከሌላ ባንክ በደመወዝ ብድር እንሙላው ይላል፤ ወለዱ 15 በመቶ ሲሆን በአምስት ዓመት ተከፍሎ ያልቃል። የቤቱን ብድር ደግሞ ወርኃዊ ክፍያው እንዲቀልልን በ30 ዓመት እናድርገው ባይ ነው። «ዛሬ ካልገዛን መቼም አንገዛም» ይለኛል። ዋጋው የሦስት ዓመት ተኩል ገቢያችን የሆነ፣ ከሥራችን ራቅ ያለ አሮጌ አፓርታማም አይተን ነበር፤ ሳሎኑ ሰፊ ቢሆንም መኝታው ሁለት ብቻ ስለሆነ ተውነው። ዘመድ ሁሉ «ሁለታችሁም እየሠራችሁ?» ይለናል። ጥፋታችን ምንድን ነው? ምንስ ብናደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለት ልጅ እያሳደገ ከገቢው ከአምስት አንዱን የሚቆጥብ ቤተሰብ ጥፋት አለበት ብዬ አልጽፍልሽም፤ የለበትምና። በባንክ የብድር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ጠረጴዛዬ ፊት ከተቀመጡት ባልና ሚስቶች መካከል በጣም የሚያሳዝኑኝ እንደ እናንተ ያሉት ነበሩ። ደመወዛቸው ጥሩ ስለሆነ የሚራራላቸው ሰው የለም፤ እነሱም በራሳቸው ይፈርዳሉ።

የራሳችሁን ቁጥር ወረቀት ላይ ላስፍርልሽ። ቅድሚያ ክፍያው የአንድ ዓመት ከስምንት ወር ገቢያችሁ ነው። የአንድ ዓመቱ በእጃችሁ ስላለ የሚጎድለው የስምንት ወር ገቢ ያህል ነው። የቤቱ ዋጋ ባለበት ቢቆም ኖሮ አሁን በምትቆጥቡት መጠን ከሦስት ዓመት ጥቂት በላይ ይበቃችሁ ነበር። ቤቱ ግን አይቆምም። በዓመት 5 በመቶ ብቻ ቢጨምር በአንድ ዓመት ውስጥ የሚጨምረው ዋጋ ከሦስት ወር ገቢያችሁ ይበልጣል፤ እናንተ በዚያው ዓመት የምትቆጥቡት የሁለት ወር ተኩል ገቢ አይሞላም። ደመወዛችሁ ካላደገና ቁጠባችሁ ወለድ ካላፈራ ቅድሚያ ክፍያውን ለመሙላት ከስድስት ዓመት በላይ ይወስድባችኋል። ያ ቀን ሲደርስ ደግሞ ከባንክ የምትፈልጉት ብድር ከሲሶ በላይ አድጎ ይጠብቃችኋል፤ ባንኩም በዚያው ደመወዝ ይህን ያህል አላበድርም ሊላችሁ ይችላል። ባለቤትሽ «መቼም አንገዛም» ሲል ይህ ስሌት ተሰምቶት ነው። ፍርሃቱ እውነተኛ መሠረት ስላለው አታቃልይበት።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሲሚንቶና ብረት ተወደደ ይባላል፤ እሱም አለ። ነገር ግን በ14 የበለጸጉ አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1870 እስከ 2012 የነበረውን የቤት ዋጋ ያጠኑ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ከታየው ጭማሪ 80 በመቶ ያህሉ የመጣው ከመሬት ዋጋ መሆኑን አሳይተዋል። ሥራና ትምህርት ቤት ባለበት አካባቢ መሬት አይጨመርም፤ ፈላጊው ግን ይበዛል። ሁለት ደመወዝ ያለው ቤተሰብ ሲበዛ ሻጩም ዋጋውን የሚተምነው በሁለት ደመወዝ ነው። በዚያ ላይ ገበያው ውስጥ ከደመወዝተኛ ጋር ብቻ አትወዳደሩም። አንዱ ቤቱን ሸጦ ይመጣል፣ ሌላው ወርሶ ይመጣል፣ ሌላው ሊያከራየው ይገዛል። ሦስቱም የሚመጡት ዋጋው አብሮት ያደገ ሀብት ይዘው ነው። እናንተ በወር ደመወዝ ነው የምትመጡት። ዘመዶችሽ «ሁለታችሁም እየሠራችሁ?» ሲሉ ይህንን አያዩትም።

ስለ ኀፍረቱም አንድ ነገር ልበልሽ። ስዊዘርላንድ ከዓለም ከፍተኛ ደመወዝ ከሚከፈልባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ከቤተሰቦቿ ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በኪራይ ቤት ነው። የኦስትሪያ ዋና ከተማ የቪየና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከ60,000 በላይ መኖሪያ ቤቶች ሠራ፤ ዛሬም ከነዋሪዋ ግማሽ ያህሉ የሚኖረው በከተማው ቤቶች ወይም በድጎማ በተሠሩ ቤቶች ነው። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1960 የቤቶች ቦርድ አቋቁማ ዛሬ ከአምስት ነዋሪዎቿ አራቱ ያህል በዚያ ቦርድ ቤቶች ይኖራሉ። በቪየናና በሲንጋፖር ሰው ቤት ያገኘው ከጎረቤቱ በላይ ስለቆጠበ አይደለም፤ መንግሥትና ከተማ ገብተውበት ነው። እንዲህ ያለ ድጋፍ የሌለው ቤተሰብ ለብቻው ሲታገል ቢደክመው ሊያፍርበት አይገባም።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ ልግባ። አልደግፈውም፤ ምክንያቴንም በቁጥር ልንገርሽ።

የቤቱ ብድር የሦስት ዓመት ከአሥር ወር ገቢያችሁ ያህል ነው። በ12 በመቶ ወለድ በ30 ዓመት ሲከፈል በየወሩ ከገቢያችሁ 47 በመቶ ተኩል ይወስዳል። ለቅድሚያ ክፍያ የሚወሰደው የደመወዝ ብድር በአምስት ዓመት ሲከፈል ሌላ 18 በመቶ ተኩል ይጨምራል። አንድ ላይ 66 በመቶ። ዛሬ ኪራይና ቁጠባ ተቀንሶ ለምግብ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለትራንስፖርት፣ ለሕክምናና ለልብስ 55 በመቶ ይቀርላችኋል። ቤቱን በዚህ መንገድ ብትገዙ የሚቀራችሁ 34 በመቶ ይሆናል፤ ቁጠባም አይኖርም። እንዲህ ሆናችሁ አምስት ዓመት ያለ ሕመም፣ ያለ ሥራ ማጣትና ያለ አንድ ትልቅ ጥገና ማለፍ አለባችሁ። የወለዱ መጠን ተለዋዋጭ ከሆነና 15 በመቶ ቢደርስ ደግሞ የቤቱ ክፍያ ብቻውን 58 በመቶ ይሆናል። በብድር ክፍል ሳለሁ ወርኃዊ ክፍያቸውን ማስተካከል አቅቷቸው የመጡ ቤተሰቦች አብዛኞቹ ገንዘብ ያባከኑ ሰዎች አልነበሩም። ለአንዲት መጥፎ ወር የሚሆን መጠባበቂያ ሳይተዉ ያላቸውን ሁሉ ለቅድሚያ ክፍያ ያዋሉ ነበሩ።

የደመወዝ ብድሩን ለቤቱ አበዳሪ ባንክ ላለመንገር አስባችሁ ከሆነ ተዉት። የብድር ማመልከቻው ላይ «ሌላ ዕዳ አለብዎት?» የሚል ጥያቄ አለ፤ እዚያ ላይ ሐሰት ጽፎ መፈረም በኋላ ውሉን ለማፍረስ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የ30 ዓመቱን ነገር ላብራራልሽ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። በ12 በመቶ ወለድ ከተበደራችሁት ከእያንዳንዱ መቶ፣ በ20 ዓመት ውል በወር 1.10 ትከፍላላችሁ፤ በ30 ዓመት ውል 1.03። አሥር ዓመት ጨምራችሁ ወርኃዊ ክፍያው የቀነሰላችሁ 7 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጠቅላላው ግን በ20 ዓመት 264 የነበረው በ30 ዓመት 370 ይሆናል። የመጀመሪያው ወር ክፍያ 97 በመቶው ወለድ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ወር ሳታጓድሉ ብትከፍሉ ከመቶው ገና 93ቱ ይቀራል። ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዕዳው ከሞላ ጎደል ዛሬ የፈረማችሁት ነው።

ይኸው ስሌት በተቃራኒውም ይሠራል። በ30 ዓመት ውል ላይ በየወሩ 10 በመቶ ጨምሮ የከፈለ ሰው ብድሩን በ18 ዓመት ይጨርሰዋል። ጭማሪው ሙሉ በሙሉ ከዋናው ብድር ላይ ስለሚቀነስ ነው። ስለዚህ የትኛውንም ውል ከመፈረማችሁ በፊት የባንኩን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ አሳዩን በሉ። ወለዱ ቋሚ ነው ወይስ የሚለዋወጥ? ከወርኃዊ ክፍያ በላይ የሚከፈለው ከዋናው ብድር ላይ ነው የሚቀነሰው? አስቀድሞ ለከፈለ ሰው ቅጣት አለ? በተለይ ሁለተኛውን አደራ አትርሱት። አንዳንድ ውል ላይ ትርፉ ገንዘብ ለሚቀጥለው ወር ክፍያ ተብሎ ይቀመጣል፤ ያኔ ከወለዱ ምንም አትተርፉም።

የእኔ ምክር ያንን የተዋችሁትን አሮጌ አፓርታማ፣ ወይም እሱን የሚመስል ቤት እንደገና እንድታዩት ነው። ዛሬ አትግዙት፤ ቁጠባችሁን ሙልጭ አድርጎ ይወስደዋልና። ለሁለት ዓመት አሁን እንደምታደርጉት ቆጥቡ። ዋጋው በዓመት 5 በመቶ ቢጨምር እንኳ 30 በመቶውን ከፍላችሁ የሦስት ወር ገቢ ያህል በእጃችሁ ይቀራል። ከዚያ ላይ የስም ማዛወሪያ፣ የግምት፣ የመድንና የጠበቃ ወጪ ይነሣል፤ የተረፈው መጠባበቂያችሁ ነው። የቀረውን በ15 ዓመት ውል ብትበደሩት ክፍያው ከገቢያችሁ 39 በመቶ ይሆናል። ዛሬ ለኪራይና ለቁጠባ የምታውሉት 45 በመቶ ነው፤ ኑሯችሁ ሳይነካ የምትከፍሉት ነው ማለት ነው። የምትቆጥቡት ይቀንሳል፣ የመንገዱ ወጪም ይጨምራል፤ ይህንን አልሸሽግሽም። ነገር ግን ልጅሽ 26 ዓመት ሲሞላት ቤቱ ያለ ዕዳ የእናንተ ይሆናል፤ በባለቤትሽ ሐሳብ ግን በዚያን ጊዜ ገና ብዙ ዓመት ይቀራችኋል።

«መኝታው ሁለት ብቻ ነው» ያልሽውን ቸል አላልሁትም። ሳሎኑ ሰፊ ነው ብለሻል። መስኮት ያለበትን ጫፍ በጂፕሰም ቦርድ ከፍሎ ለአንዲት ልጅ አልጋና ጠረጴዛ የሚበቃ ክፍል ማውጣት ይቻላል፤ ዋጋው ሦስተኛ መኝታ ካለው ቤት ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም። ቀላል ግድግዳ መጨመር ችግር የለውም፤ የነበረ ግድግዳ ማፍረስ ግን ካስፈለገ ሸክም ተሸካሚ መሆን አለመሆኑን መሐንዲስ ሳያይ አይነካ። መስኮቱ በክፍሉ ውስጥ እንዲቀር አድርጉ። ልጅሽ መብራቷን ስታበራ ወንድሟን የማትቀሰቅስበት፣ ደብተሯን የምታሳርፍበት ጠረጴዛ ያለው ቦታ ነው የምትፈልገው። ሦስት መኝታ የሚል ማስታወቂያ እሷን አያሳስባትም። አሮጌ ሕንፃ ስትገዙ ደግሞ ጣሪያውን፣ የውኃ ቧንቧውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን ከሻጩ ወገን ያልሆነ ባለሙያ ይየው፤ የይዞታ ማረጋገጫው ንጹሕ መሆኑንና በሌላ ዕዳ አለመያዙን ከመዝገብ ላይ አጣሩ። የደላላ ቃል አይበቃም።

እስከዚያው ድረስ ግን ለሁለት ዓመት ተከራይ ናችሁ፤ ልጅሽም መጠየቋን አታቆምም። አከራያችሁ ክፉ ሰው አይደሉም ካልሽ ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። በየዓመቱ ከሚታደስ ውል ይልቅ የሁለት ዓመት ውል፣ ጭማሪው አስቀድሞ የተወሰነ፣ ቤቱን ከፈለጉትም ከስድስት ወር በፊት እንዲነግሯችሁና መልቀቂያው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ እንዲሆን ጠይቁ። ጥቂት ጭማሪ ቢጠይቁ እንኳ ያዋጣል። በደንብ የሚከፍል፣ ቤት የሚጠብቅ ተከራይ ማጣት ለአከራይም ኪሳራ ነው፤ ብዙዎች ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ልጅሽን ቁጭ አድርገሽ «እስከ አምስተኛ ክፍል ማብቂያ ድረስ እዚሁ ነን» ልትያት ትችያለሽ። ያልተረጋገጠ ተስፋ ከመስጠት ይልቅ እርግጠኛ የሆነ ቀን ልጅን ያረጋጋል።

ባለቤትሽን በደብዳቤዬ አትሟገቺው። አንድ ሐሳብ አቅርቢለት፤ ለሦስት ወር ባለ ሦስት መኝታውን ቤት እንደገዛችሁ ሆናችሁ ኑሩ። ኪራዩን ከከፈላችሁ በኋላ ሌላ 41 በመቶ ገቢያችሁን ደመወዝ በገባበት ቀን ወደ ተለየ ሒሳብ አስገቡት፤ ኪራዩን ጨምሮ 66 በመቶ ይሆናል። የቀረው 34 በመቶ ከደረሰላችሁና ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ካልበዛ እሱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔም ተሳስቻለሁ ብሎ ይጻፍልኝ፣ በደስታ አነብለታለሁ። ካልደረሰላችሁም የከሰራችሁት ነገር የለም፤ በሦስት ወር የሰበሰባችሁት ከወትሮው በእጥፍ የበለጠ ቁጠባ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ሴት ልጄና ባሏ ጥሩ ሥራ አላቸው፤ ቤት ለመግዛት ግን ባንኩ ተጨማሪ መያዣ ጠይቋቸዋል። የምኖርበትን ቤት እንዳስይዝላቸው ይፈልጋሉ። ሌሎች ሁለት ልጆችም አሉኝ። እምቢ ብል ልጄን እጎዳት ይሆን?

መልስ፦ አባት፣ የሚያድሩበትን ቤት ለሰው ዕዳ አያስይዙ፤ ለልጅም ቢሆን። ልጅዎን ጠርጥሬ አይደለም። እሷ ብትታመም ወይም ባሏ ከሥራ ቢቀነስ ባንኩ የሚመጣው ወደ እርስዎ ቤት ነው፤ በጡረታ ገቢ ደግሞ ሌላ ቤት መግዛት አይችሉም። ያን ጊዜ ልጅዎም ሁለት ቤት ታጣለች፤ የራሷንና እርስዎን የምታሳርፍበትን።

መርዳት ከፈለጉ የሚችሉትን ያህል ገንዘብ ለቅድሚያ ክፍያው ይስጡ። ቅድሚያ ክፍያው ከፍ ሲል ባንኩ የሚጠይቀው መያዣ ይቀንሳልና ያው ጥቅም ነው። ስጦታ ከሆነ ስጦታ መሆኑን፣ ብድር ከሆነም ብድር መሆኑን ሦስቱም ልጆች ባሉበት ይናገሩና በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ከውርስ ድርሻ የሚታሰብ ከሆነም ዛሬውኑ ይነገር። ወንድምና እህት ከቀብር በኋላ የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ ባልተነገረ ነገር ነው።

ምንም ቢሆን ዋስ ልሁን ካሉ ደግሞ ለጠቅላላው ብድር አይሁኑ። ዋስትናው በተወሰነ መጠን እንዲገደብ፣ ልጆቹ ዋናውን ብድር እስከ ተወሰነ ደረጃ ከከፈሉ በኋላ ነጻ የሚሆኑበት አንቀጽ እንዲገባ ይጠይቁ። ረቂቅ ውሉን ባንኩ ውስጥ ቆመው አያንብቡት፤ ቅጂውን ቤት ይውሰዱና ከሕግ ባለሙያ ጋር ሆነው ይዩት። ለዚያ ሁለት ቀን የማይሰጥ አበዳሪ ካጋጠመዎት አይፈርሙለት።